ለአንዷ ሦስት፣ ለአንዷ አምስት

በትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ስንት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት መውሰድ እንዳለበት የምወስነው እኔ ነኝ። ወድጄ የያዝኩት ሥራ አይደለም። የሒሳብ መምህርት ነኝ። በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ "ይህን ነገር ማን ይያዘው?" ሲል ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እኔ ለመድፋት ዘገየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሲግናል ሰፈር ወደ ላይ፣ ተራራው ግርጌ ላይ ነው። ልጆቹ እንደማንኛውም የአገሪቱ ተማሪ መደበኛውን ትምህርት ይማራሉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱም ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ ግን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ፣ የፈለገ ከውጭ የሚመጣውን፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ያህል የሚከብደውን ትምህርት እየመረጠ ይጨምራል። ልጆቹ "አድቫንስድ" ይሉታል። ካልኩለስ አለ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ አለ። ሁሉም መደበኛው ክፍል ካለቀ በኋላና ቅዳሜ ነው የሚሰጡት። ሁሉም የየራሳቸው ፈተና አላቸው።

ከሦስት አይበልጥም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካለ ወላጁም ይፈርማል፣ እኔም እፈርማለሁ። ቁጥሩን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አራትና አምስት የያዙ ልጆች በሦስተኛው ወር ዴስክ ላይ ሲያንቀላፉ፣ አንዱ አፍንጫው እየነሰረው ሲፈተን፣ አንዷ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ለማለት ጊዜ ሲወስድባት አይቼ ነው። ስለዚህ ወላጅ በመጣ ቁጥር የምለው ነገር አንድ ነው፦ "የልጅዎ ጉብዝና አያሳስበኝም። ቀኑ ግን ለጎበዝም ለሰነፍም ያው ሃያ አራት ሰዓት ነው።" አንዳንዱ ይገባዋል። ብዙው ተቆጥቶ በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያ ከደረሰ ደግሞ እኔ መፈረሜ አይቀርም።

ልጄ እዚያው ነው የምትማረው። አሥረኛን የጨረሰች ጊዜ፣ ሰኔ ላይ፣ ወጥ እያማሰልኩ ሳለ የምርጫ ቅጹን ይዛ ወደ ማድቤት መጣች። አምስቱም ላይ ምልክት አድርጋለች።

"አምስት?" አልኳት።

"ማሚ፣ ክፍላችን ውስጥ አምስት የሚወስዱ ሁለት ልጆች አሉ። ሁለቱንም እበልጣቸዋለሁ።"

"ደንቡን ታውቂያለሽ።"

"ወላጅ ከፈረመ ይቻላል ይላል እኮ። አንቺ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።"

ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ወራት ይቀመጣል። ደወልኩለት። "አቅሙ ካላት ምን ብለን እንከለክላታለን?" አለኝ። ለሌላ ወላጅ የምመልሰው መልስ ምላሴ ላይ ነበር። አልመለስኩም። እውነቱን ለመናገር ከስጋት ይልቅ ኩራት ነው የተሰማኝ። በመምህራን ክፍል ውስጥ የማን ልጅ ምን እንዳመጣ በየዕለቱ ይወራል፤ ስለ ሌሎች ልጆች ስሰማ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ስለኔ ልጅ ሲወራ ብሰማ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ቅጹ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ አለ፤ አንዱ የወላጅ፣ አንዱ የአስተባባሪ። ሁለቱም ላይ በዚያው እስክርቢቶ ፈረምኩ። በማግስቱ ለርዕሰ መምህሩ ስሰጠው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ያንቺ ልጅ አይደለች እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ማህተሙን መታበት።

ያን ሳምንት ነው አንዲት ሌላ ተማሪ ቢሮዬ የመጣችው።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ከአካባቢው ጥቂት ልጆችን በነጻ ይቀበላል፤ ይቺ ልጅ ከነሱ አንዷ ናት። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው። ከሒሳብ ተማሪዎቼ ሁሉ አንደኛ ነበረች። ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ መርጣለች፤ አራተኛው ሳጥን ላይ፣ ባዮሎጂ ላይ፣ በእርሳስ ቀጭን ምልክት አድርጋለች።

"ቲቸር፣ አራት ቢሆንልኝ ብዬ ነበር። ሕክምና ነው የምፈልገው።"

"ሦስት ይበቃሻል" አልኳት።

"እችለዋለሁ ቲቸር።"

"መቻልሽን አውቃለሁ። ጉብዝናሽ አይደለም የሚያሳስበኝ" ብዬ ያንን የለመድኩትን ንግግር ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ከደብተሯ ላጲስ አውጥታ የእርሳሱን ምልክት እዚያው ፊቴ አጠፋችው፤ የላጲሱንም ፍርፋሪ በእጇ ሰብስባ ወጣች።

በማግስቱ አባቷ መጣ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን ሰው ነው። ፊት እዚያው ሰፈር ገበሬ ነበር፤ አሁን ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር የሰው ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የፕላስቲክ ቡትስ አድርጓል፤ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ብሎ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ይቀመጡ ስለው እምቢ አለ።

"መምህርት፣ ልጄ ሦስት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ አለችኝ። ልቆጣ አይደለም የመጣሁት። ልጠይቅ ነው።"

"ይጠይቁኝ ጋሼ።"

"ከሦስት በላይ የሚወስድ ልጅ የለም ማለት ነው?"

"አልፎ አልፎ አለ።"

"እነሱ ከኔ ልጅ በምን ይበልጣሉ?"

በጉብዝና እንደማይበልጡ ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ንግግር ነው። "ጋሼ፣ ይህ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ የሚያልቅ አይደለም" አልኩት። "ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ለብቻ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል። የቤት ውስጥ ሥራ የማይበዛባት ልጅ ይፈልጋል። ለሷው አስቤ ነው።"

"ቤታችን ይጠባል" አለ። "እውነት ነው። ግን እሷ ስታጠና ሬዲዮ እንኳ አንከፍትም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። መሳቢያዬ ውስጥ የልጄ ቅጽ ነበር፤ ማህተሙ ገና አልደረቀም።

መስከረም ላይ ትምህርት ተጀመረ። እኔና ልጄ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ወደ መገናኛ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ይዘን ወደ ሲግናል እንሄዳለን። በፊት መንገዱን ሙሉ ታወራኝ ነበር፤ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ አንዱ አስተማሪ አነጋገር፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ቡድናቸው። ጥቅምት ላይ ወሬው አለቀ። ከተሳፈርን ጀምሮ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ታስደግፋለች፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ጭንቅላቷ ይጋጫል፤ አትነቃም። ቅርጫት ኳሱን ተወች። "ለጊዜው ነው" አለችኝ። ቅዳሜ ቤተ ሙከራ፣ እሑድ ያልተሠራ የሳምንቱ ሥራ። ማታ እሷ ጠረጴዛው በአንድ በኩል፣ እኔ የተማሪ ደብተር እያረምኩ በሌላው በኩል እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ከእራት እስከ መኝታ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እናመሻለን። እኔም ደክሞኝ ነበር። መድከሟን አይቼ ያልተናገርኩት ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነው፤ ደግሞም ሁለታችንም ዝም ስንል ቤቱ ያርፋል።

አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ማበጠሪያዋን አየሁ። በፀጉር ተሞልቷል። ጠቅልዬ ጣልኩትና ውሃው ነው፣ ሻምፖው ነው አልኩ።

የካልኩለስ ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነኝ። ልጄም፣ ያቺም ተማሪዬ እዚያ ናቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ። ኅዳር ላይ፣ በምሳ ሰዓት ደብተር ረስቼ ስመለስ ሁለቱን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ተማሪዬ በባዶ ወረቀት ላይ እየሳለች ለልጄ ታስረዳታለች። ያን ጠዋት ያስተማርኩትን ነው። ልጄ አገጯን በመዳፏ ይዛ "እንደገና፣ እንደገና ከመጀመሪያው" ትላለች። የኔ ልጅ፣ ጣቷን ይዤ ቁጥር ያስቆጠርኳት፣ ያስተማርኩትን ከሌላ ልጅ ትማራለች። ተማሪዬ ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ቂም ፈለግኩ፤ የለም። ልጄ አምስት እንደምትወስድ ታውቅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም። ምንም ብላኝ አታውቅም። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ሞዴል ፈተና የካቲት ላይ ነበር። አሥራ ሁለተኛዎችን እየፈተንኩ ሳለ የኬሚስትሪ ፈታኙ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። ተከተልኩት።

ልጄ በፈተናው አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ወረቀታቸውን አስረክበው ሊወጡ ነው። የሷ ወረቀት ላይ ስሟ ብቻ ተጽፏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሟን ጽፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እጇን ስይዛት በረዶ ነው።

"ምን ሆንሽ?"

"ፊደሎቹ ይታዩኛል" አለች፣ ቀስ ብላ። "ቃል አልሆኑልኝም።"

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ደሟን መረመረች፣ ዓይኗን አየች፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። በሽታ አላገኘችም። "በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ስድስት... ሰባት ሰዓት" አልኩ።

ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች "አራት" አለች። "አንዳንዴ ሦስት። አንቺ ስትተኚ ተመልሼ እነሳለሁ።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። መምህርት መሆኔን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። በወረቀቱ ላይ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ጻፈች።

እሑድ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ቤት ብትቀመጥ ደብተሯን እንደምትከፍት አውቄ ነው። እንዲያም ሆኖ ኪሷ ውስጥ የጥናት ካርዶች ይዛ ነበር። ከሰዉ ራቅ ብለን ባሕር ዛፍ ሥር ነጠላዬን አነጠፍኩ። አንድ ካርድ አወጣች፣ አነበበች፣ ከዚያ ተጋደመች። እንዲያው ለአፍታ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኛች። ጥላው ሲሸሻት እኔ በፀሐይዋ በኩል እየተቀመጥኩ ጥላ ሆንኳት። ከታች ከተማው ይታያል፤ ጭሱ፣ የሚሠሩት ፎቆች። ሰዎች እየሳቁ፣ ፎቶ እየተነሱ ያልፋሉ። አፏን ከፍታ ስትተኛ ሕፃን ሆና ነው የምትታየኝ። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ግን የሕፃን አይደለም። መቼ እንዲህ ሆነች? በየቀኑ አብሬያት ውዬ አብሬያት አድሬ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ስትነቃ ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ጠርሙሱን መለሰችልኝ።

"ማሚ።"

"ወዬ።"

"ለሷ ሦስት ይበቃሻል ብለሻታል አይደል?"

ስለማን እንደምታወራ አልጠየቅኳትም። "አዎ።"

"ለኔ ለምን አላልሽኝም?"

"አንቺ ፈልገሽ ነበር እኮ። እበልጣቸዋለሁ አልሽኝ።"

"እሷም ፈልጋ ነበር።" ሣሩን እየነጨች ነው የምትናገረው። "ቅጹን ያመጣሁልሽ ቀን እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር። እምቢ ስትይኝ ልጨቃጨቅሽ፣ ከዚያ ሦስት ላደርገው። ለጓደኞቼ 'እናቴ ከለከለችኝ' ልላቸው። አንቺ ግን ዝም ብለሽ ፈረምሽ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ አልችልም ልበል?"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል። የማስታውሰው ስንወርድ እጄን መያዟን ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል በኋላ በሰው ፊት እጄን ይዛ አታውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ኬሚስትሪና ኢኮኖሚክስ እንዲሰረዙላት ጠየቅኩ።

"ጊዜው አልፏል" አለኝ። "ደግሞስ ሰዉ ምን ይላል? የአስተባባሪዋ ልጅ አቋረጠች ይባላል።"

"ይባል።"

"ሌሎቹም እንሰርዝ ይላሉ።"

"ይበሉ። የደከመው ሁሉ ይሰርዝ። መጀመሪያም ልፈርምላቸው አይገባም ነበር።"

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፤ እሱም የደከመው ሰው ነው። ፈረመ። ልጄ ወሬውን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ለሳምንታት አምስት ከሚወስዱት ከሁለቱ ልጆች ጋር መቀመጥ አቃታት። እንቅልፉ ተመለሰ፤ ፀጉሯም ቀስ ብሎ። ፊቷ ላይ ግን የተሸናፊነት ነገር ሳይጠፋ ቆየ፤ እሱን የሚያነሳ መድኃኒት እኔ ዘንድ የለም።

ተማሪዬን ማነጋገር ነበረብኝ። ሳምንት አንገራገርኩ። በመጨረሻ ከክፍል በኋላ አስቀረኋት።

"አምና ባዮሎጂን የከለከልኩሽ ልክ አልነበረም" አልኳት። "አራት ስለማይበዛ አይደለም። ለአንዱ የከለከልኩትን ለሌላው ስለፈቀድኩ ነው።"

መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። "ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሦስቱ በቅተውኛል። አራት ቢሆን ይከብደኝ ነበር።" ቃሏን ስትመርጥ ቆየች። "አባቴ ግን በቤታችን ምክንያት ነው የተከለከልሽው ብሎ ያምናል። ክረምቱን ሙሉ ክፍል ሠራልኝ።"

"ክፍል?"

"እርስዎ ክፍል ያስፈልጋታል ብለውት የለም?"

ያን ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። እሷ ፊት ፊት እየመራችኝ ዳገቱን ወጣን። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር አስፋልቱ ወደ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ ወደ አፈር ይቀየራል። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሚስቱ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ እኔ በአማርኛ መለስኩ። ወንበር ከመቅረቡ በፊት ሰውየው "ይምጡ፣ ይዩት" ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሌላው ቢቆምበት ይሞላል። ውስጡ በጋዜጣ ተለብጧል። ከጣውላ የተመታ ጠረጴዛ አለ፣ አምፖል አለ፣ ወደ ጫካው የሚያይ ጠባብ መስኮት አለ። ጠረጴዛው ላይ እኔ የሰጠኋቸው የካልኩለስ ጥያቄዎች በወግ ተደርድረዋል።

"ከሥራ ስመለስ እየሠራሁ ነው የጨረስኩት" አለኝ። "ዝናቡ አስቸገረኝ እንጂ ለመስከረም ላደርስላት ነበር። ጥቅምት ገባ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። "መምህርት፣ አሁን ይበቃል?"

የተደረደሩትን ወረቀቶች አየሁ፣ ከዚያ እሱን።

"ጋሼ፣ ክፍሉ አልነበረም ምክንያቱ" አልኩት።

"እንግዲያስ ምን ነበር?"

"በዚያው ሳምንት ለራሴ ልጅ አምስት ፈርሜ ነበር። እርስዎ ሲጠይቁኝ ይህን መናገር አፈርኩ። ስለዚህ በቤትዎ አመካኘሁ።"

የጣውላውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ያልተላገ ቦታ አግኝቶ እሾኩን ይነቅላል። ሊያስወጣኝ ይችል ነበር፤ ቢያስወጣኝም ባልተቀየምኩ። ልጁ ከበሩ ውጭ ቆማ ትሰማለች።

"ልጅዎ አሁን እንዴት ናት?" አለኝ በመጨረሻ።

"ታማብኝ ነበር። በድካም።"

"እግዜር ይማራት" አለ። እንደተናደደ አውቃለሁ፤ አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ይታያል። ነገር ግን ለታመመ ልጅ የሚባለውን አለ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ "ለኔ እውነቱን ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። ባዳ አይደለሁም። ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ስነቃ በኔ ድህነት ነው ልጄ የቀረችው ስል ነበር" አለኝ።

ሚስቱ ከቤት ተጣርታ የሆነ ነገር ተናገረች። "ምሳ ሳትበላ አትሄድም እያለች ነው" ብሎ ተረጎመልኝ። ገባን፤ በላን። በምሳው ላይ ስለ ትምህርት ማንም አላነሳም። ስለ ዝናቡ፣ በላይ በኩል ስለሚቆረጠው ዛፍ ነው ያወራነው። ስወጣ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ ሸኘኝ።

ልጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ቅዳሜ እዚያ ክፍል ውስጥ ከተማሪዬ ጋር አጠናች። እኔ አልላክኋትም፤ ራሷ ጠይቃ ነው የሄደችው። ጓደኛሞች ሆኑ ለማለት አልደፍርም። ሲቀላቸው ይስቃሉ፣ ሲከብዳቸው ይኮራረፋሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገቡ ሲሉ ቅጹን አደልኩ። ለተማሪዬ ስሰጣት "ስንት እንደምትወስጂ አንቺው ጻፊ" አልኳት። አራት ጻፈች፤ ባዮሎጂን በእስክርቢቶ። ከአባቷ ጋር ተመካክራ እንደሆነ ጠየቅኳት። "እሱ ሦስት በቃሽ ብሎኝ ነበር" አለችኝ። ፈረምኩ። ልክ መሆኔን እስካሁን አላውቅም። ዓመቱ ከብዷታል፤ ሁለት ጊዜ ዓይኗ ቀልቶ አይቻታለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጠርቼ አነጋግሬያታለሁ። በፊዚክስ ያሰበችውን አላመጣችም፤ በሌሎቹ አመጣች። ብሔራዊ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፈች። እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አሁንም ሕክምናን ነው የምታልመው።

ልጄ በዚያ ዓመት ሁለት ብቻ ወሰደች፤ ቅርጫት ኳሱንም ቀጠለች። ውጭ አገር ያመለከተችባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አልተቀበሏትም። አምስቱን ብትጨርስ ኖሮ ይቀበሏት ነበር? አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች።

አስተባባሪነቱን ልተወው ብዬ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተተኪ ፈልጊ አለኝ፤ የሚቀበለኝ አጣሁ። አሁንም ሰኔ ሲመጣ ወላጆች ደጄ ላይ ይሰለፋሉ። ደንቡ አሁንም ሦስት ነው። ማንም ሲያልፈው ግን ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጣለሁ፤ ለጠየቀ ሁሉ የማነበው። ወላጆቹ አይወዱትም፤ ርዕሰ መምህሩም አይወደውም። ሥራው ከበፊቱ አልቀነሰም፤ ጨምሯል። ቀኑ ሲያልቅ ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ሚኒባሱ ስወርድ እግሬ የኔ አይመስለኝም።

ልጄ ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት መጣች። ክብደት ጨምራለች፤ አውቶብሱ አንገቷን አሳምሟታል። የመጀመሪያውን ቀን እስከ ቀትር ተኛች፤ በበሩ ሳልፍ ጫማዬን አውልቄ ነው ያለፍኩት። ስለ ውጤቷ ሳልጠይቃት ሁለት ቀን አለፈ። አለመጠየቁ ከብዶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠፍን ራሷ ነገረችኝ፤ ሒሳቡ ጥሩ ነው፣ አንዱ ኮርስ ግን ተበላሽቶባታል፣ ምናልባት ትደግመዋለች።

ብዙ የምለው ነበረኝ። "እሺ" አልኳት። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን ወጠርነው፣ አጠፍነው፤ ከዚያ የሚቀጥለውን አነሳን።